በሽታውን የደበቀ ገበያውን ያጣል

የንግድ መሠረቱ እምነት ነው። ገዢ በዓይኑ ያላየውን ዕቃ ተማምኖ የሚገዛው፣ ባንክም ገና ወደብ ላልደረሰ ጭነት ገንዘብ የሚሰጠው፣ ሻጩ ስለ ዕቃው የተናገረው ቃል እውነት ስለ መሆኑ የሚመሰክር አንድ የታመነ ወረቀት በመካከል ስላለ ነው። ለቡና የቀማሹ ምስክርነት አለ፤ ለቅባት እህልም ንጽሕናውና እርጥበቱ ተመርምሮ የተጻፈበት ውጤት አለ። ለበግ፣ ለፍየል፣ ለግመልና ለቀንድ ከብት ይህን ስፍራ የያዘው የከብት ሐኪም የፈረመበት የጤና ምስክር ወረቀት ነው። ነገር ግን በዚህ ወረቀትና በሌሎቹ መካከል ብዙዎች ሳያስተውሉት የሚያልፉት ልዩነት አለ። የቡናው ወረቀት የሚመሰክረው ስለዚያው ቡና ብቻ ነው፤ የከብቱ ወረቀት ግን ከብቱ ስለ ተወለደበት፣ ሣር ስለ ጋጠበትና ተነድቶ ስላለፈበት ምድር ሁሉ ይመሰክራል። የምድሩ ጤና ካልታወቀ፣ የከብቱ ጤና በወረቀት ቢጻፍም አይታመንም።

ስለዚህ የእንስሳት በሽታ ቅኝት፣ ይኸውም የከብት ሐኪሞች በየወረዳው በሽታን እየተከታተሉ የሚመዘግቡበት፣ ላቦራቶሪዎችም ናሙናውን መርምረው ውጤቱን ለጎረቤት አገር ጭምር የሚያስታውቁበት ሥራ፣ የግብርና መሥሪያ ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ ሊታይ አይገባውም። እንደ መርከብ ኪራይና እንደ መድን ዋስትና ሁሉ፣ ነጋዴው በሒሳቡ ውስጥ ሊያስገባው የሚገባ የራሱ ጉዳይ ነው።

ኢትዮጵያ ይህን ነገር እጅግ ከባድ በሆነ ዋጋ ተምራዋለች። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ለኢጣሊያ ጦር ተብለው ከህንድ በመርከብ ወደ ምጽዋ በመጡ ከብቶች አማካይነት «ደስታ» የሚባለው የከብት በሽታ ወደ አገር ገባ። ከቀንድ ከብቱም ከመቶ ዘጠና የሚሆነው እንዳለቀ ይገመታል። በሬ ያለቀበት ገበሬ ማረስ ተሳነው፤ እርሻው ሲቆም ረኀብ ተከተለ፤ «ክፉ ቀን» ተብሎ እስከ ዛሬ የሚነገረውም ዘመን እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ዘለቀ። በሽታው በኢትዮጵያም አልቆመም፤ ከአገር ወደ አገር እየተሻገረ ዐሥር ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ እስከ አፍሪቃ ደቡባዊ ጫፍ ደረሰ። በአንድ ወደብ የወረደ የከብት ጭነት የአንድን ክፍለ ዓለም ሀብት ሊያጠፋ እንደሚችል ከዚህ የበለጠ ምስክር አይገኝም።

ከሠላሳ ዓመት በኋላ ይኸው በሽታ በንግድ መንገድ ወደ አውሮፓ ገባ። በ1912 ዓ.ም. ከህንድ ተነሥተው ወደ ብራዚል ይሄዱ የነበሩ ከብቶች በቤልጅግ አገር በአንትወርፕ ወደብ ሲያልፉ በሽታውን ለአገሩ ከብት አስተላለፉ። ከብቶቹ ለቤልጅግ ገበያ የመጡ አልነበሩም፤ መንገደኞች ነበሩ። ከዚህ የተነሣ መንግሥታት መክረው በጥር 1916 ዓ.ም. ሃያ ስምንት አገሮች በፓሪስ ከተማ ባደረጉት ስምምነት ዛሬ የዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። የስምምነቱ ዋና ሐሳብ አጭር ነበር፤ አንዱ አገር በምድሩ የተነሣውን በሽታ ሳይደብቅ ለሌላው ፈጥኖ እንዲያስታውቅ ነው። ማኅበሩን የወለደው ንግድ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የደስታ በሽታ መጨረሻም ለነጋዴ የሚጠቅም ትምህርት አለው። በኢትዮጵያ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1995 በአፋር ምድር ነው። ለዚያ ውጤት ያበቃው ያለ በረዶ በሙቀት ውስጥ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት መገኘቱና ክትባቱን መኪና በማይደርስበት በረሃ ይዘው የዞሩት ከአርብቶ አደሩ መካከል ተመርጠው የሠለጠኑ ሰዎች መኖራቸው ነው። ይሁን እንጂ በሽታው ከጠፋ በኋላ ሥራው አላለቀም። የሌለ ነገር አለመኖሩን ለዓለም ማስመስከር ያስፈልግ ነበር። ለዚህም ክትባቱ ከቆመ በኋላ ሐኪሞች በየመንደሩ እየዞሩ ደም ሲወስዱ፣ ላቦራቶሪዎችም ሲመረምሩ ብዙ ዓመታት አለፉ። በግንቦት 2003 ዓ.ም. በሽታው ከዓለም ላይ መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። «አላየንም» ማለትና «ፈልገን አጣን» ማለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ገዢ የሚከፍለው ለሁለተኛው ቃል ነው፤ የመጀመሪያውን ግን ማንም ሰው ያለ ድካም ሊናገረው ይችላል።

ይህ ልዩነት ምን ያህል ገንዘብ እንደሚያወጣ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት አሳይቷል። ይህ በሽታ ስሙን ያገኘው በኬንያ ከናይቫሻ ሐይቅ አጠገብ ካለው ሸለቆ ነው። የሚተላለፈው በትንኝ ነው። ተሕዋሲውን የያዘው የትንኝ እንቁላል በደረቅ ረባዳ መሬት ውስጥ ለዓመታት ይቆይና ጎርፍ ሲያጥለቀልቀው ይፈለፈላል። በዚያን ጊዜ ያረገዘው በግና ፍየል በጅምላ ይጨነግፋል፤ ግልገሉም ያልቃል፤ ከብቱን ያረደ ወይም ደሙን የነካ ሰውም ይታመማል። በ1990 ዓ.ም. በምሥራቅ አፍሪቃ ታላቅ ጎርፍ በሆነ ጊዜ በሽታው በኬንያና በሶማሊያ ሰውንም ከብትንም ጎዳ፤ ሳዑዲ ዓረቢያም ከአካባቢው የሚመጣውን ከብት ከለከለች። ክልከላው ተነሥቶ ብዙ ሳይቆይ፣ በ1993 ዓ.ም. መባቻ በሽታው በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ራሳቸው ምድር ላይ ተነሣ፤ ከአፍሪቃ ምድር ውጭ ሲታይም ያ የመጀመሪያው ነበር። በሁለቱ አገሮች ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ላቦራቶሪዎች ተሕዋሲውን ሲመረምሩም ቀደም ብሎ በምሥራቅ አፍሪቃ ከተነሣው ጋር የቅርብ ዝምድና ያለው ሆኖ ተገኘ።

ወዲያው የዓረብ አገሮች በሮቻቸውን ዘጉ። የዘጉትም በሽታው በታየበት አገር ላይ ብቻ አልነበረም። በኢትዮጵያ የዚህ በሽታ ወረርሽኝ ተነሥቷል ተብሎ በይፋ የተመዘገበ ነገር ባይኖርም፣ ኢትዮጵያም ከታገዱት ጋር ተቆጠረች። ገዢው የተመለከተው የአገሩን ስም ሳይሆን ከብቱ የሚነዳበትን መንገድ ነው። በዚያ አካባቢ ዓመታት ከበርበራ ወደብ ብቻ በአንድ ዓመት ወደ ሦስት ሚሊዮን የሚጠጋ በግና ፍየል የተጫነበት ጊዜ ነበረ፤ ከዚህም ብዙው የሚነዳው ከኢትዮጵያ ሱማሌ ምድር ነበር። በጉ ኦጋዴን ይወለዳል፤ በሐውድ ይግጣል፤ በበርበራ ይጫናል፤ በጅዳ ይሸጣል። ታዲያ ገዢው የትኛውን አገር ይመን?

ጉዳቱ የከብት ነጋዴውን ብቻ የነካ የሚመስለው ሰው ካለ የጅጅጋን ባለሱቅ ይጠይቅ። በዚያ አገር ከብት ተሸጦ የሚገኘው የውጭ ገንዘብ ሩዝ፣ ስኳር፣ ዱቄትና ጨርቅ ሆኖ ይመለሳል። አርብቶ አደሩ በግ ካልሸጠ ስኳር አይገዛም፤ ስኳር ካልተሸጠ ባለሱቁ ያመጣበትን ዕዳ አይከፍልም፤ ባለሱቁ ካልከፈለ አስመጪው ዕቃ አያዝም። አንድ ትንኝ በኬንያ ረግረግ ላይ የጀመረችው ነገር በሐረር ገበያ የጨርቅ ተርታ ላይ ያበቃል።

ለበርበራ ወደብ የሳዑዲ ገበያ እንደገና በይፋ የተከፈተው በ2002 ዓ.ም. ነው፤ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ማለት ነው። በሩን የከፈተውም ልመናና የወዳጅነት ደብዳቤ አልነበረም። በጅቡቲ የዳመርጆግ የከብት ማቆያ በ1999 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ኋላም በበርበራ ተመሳሳይ ማቆያ ተሠራ። ከብቱ ከመጫኑ በፊት በነዚህ ማቆያዎች ይሰነብታል፤ ደሙ ይመረመራል፤ ውጤቱም ይጻፋል። ገዢ የፈለገው ይህንኑ ነበር።

ከዚህ ጋር በጀርመን አገር የሆነውን ማስተያየት ያስፈልጋል። በጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከበርሊን ከተማ አጠገብ አሥራ አራት የውኃ ጎሾች ካሉበት አንድ መንጋ ሦስቱ ሞተው፣ በሽታው አፍተግር መሆኑ በላቦራቶሪ ተረጋገጠ። ጀርመን ይህን በሽታ ካየች ከሠላሳ አምስት ዓመት በላይ ሆኗት ነበር። እንግሊዝና ደቡብ ኮሪያ፣ ሌሎችም አገሮች የጀርመንን ከብትና ሥጋ ወዲያው ከለከሉ። ጀርመኖች ግን ነገሩን በዚያው ቀን አስታወቁ፤ የቀሩትን ጎሾች አስወገዱ፤ በዙሪያው ያለውን መንጋ ሁሉ መረመሩ፤ የምርመራውንም ውጤት ለዓለም አቀረቡ። በመጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም. በሽታው ከታየበት ትንሽ ክልል በቀር የአገሪቱ አብዛኛው ክፍል ከበሽታ ነጻ መሆኑ በዓለም የእንስሳት ጤና ድርጅት እንደገና ታወቀለት። በሽታው የተገኘበት አገር በሁለት ወር ተመለሰ፤ በሽታው ያልተመዘገበባት ኢትዮጵያ ግን ከጎረቤቶቿ ጋር ለዓመታት ተዘግታ ቆየች። ልዩነቱ የጎሽና የበግ አይደለም። አንደኛው ምን እንደሆነና የት እንደሆነ አውቆ የሚናገር ሲሆን፣ ሁለተኛው የሚያሳየው መዝገብ አልነበረውም። የታወቀ በሽታ ገበያን ለሳምንታት ይዘጋል፤ ያልታወቀ በሽታ ግን ለዓመታት ይዘጋል።

በነጋዴዎች ዘንድ «በሽታ ተገኘ ብሎ ማስታወቅ በገዛ እጅ ሱቅን መዝጋት ነው» የሚል ሐሳብ ይሰማል። ይህ ሐሳብ ተንቆ የሚታለፍ አይደለም። በእርግጥም ፈጥኖ የተናገረ ወረዳ ገበያው ሲዘጋበት፣ ዝም ያለው ጎረቤቱ ሲሸጥ ይታያል። አንዳንድ ገዢ አገርም ሳይንስ ከሚጠይቀው በላይ ክልከላውን ያራዝማል። ቢሆንም በ1993 ዓ.ም. የሆነው ነገር ለዚህ ሐሳብ በቂ መልስ ይሰጣል። ዝምታ ኢትዮጵያን ከእገዳ አላዳናትም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው የአባቶች ተረት ለገበያም ይሠራል። በሽታውን የደበቀ ሰው መድኃኒት እንደሚያጣ ሁሉ፣ በሽታውን የደበቀ ነጋዴም ገበያ ያጣል።

በመሠረቱ ሥራው ከዜሮ የሚጀመር አይደለም። ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት ያላት፣ በከብት ብዛትም ከአፍሪቃ ቀዳሚ የሆነች አገር ናት። በደብረ ዘይት በ1956 ዓ.ም. የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ኢንስቲትዩት አለ። በዚያው ከተማ የአፍሪቃ ኅብረት የክትባት ጥራት መመርመሪያ ማዕከል ይገኛል። በሰበታ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት፣ በኮምቦልቻ፣ በባሕር ዳር፣ በአሰላ፣ በበደሌ፣ በያቤሎና በጅጅጋም የክፍላተ ሀገር ላቦራቶሪዎች አሉ። በናይሮቢ የአፍሪቃ ኅብረት የእንስሳት ሀብት ቢሮ ከአውሮፓውያን 1951 ጀምሮ ይሠራል፤ ኢጋድም ለአርብቶ አደር አካባቢና ለእንስሳት ልማት የቆመ ማዕከል እዚያው አለው። የአካባቢው አገሮች የየአንዳንዱ ላቦራቶሪ ውጤት በሌላው ዘንድ እንዲታወቅ አንድ ዓይነት የምርመራ ደንብ ለመከተል ተስማምተዋል።

ችግሩ ያለው በመካከል ባለው መንገድ ላይ ነው። በቦረና ወይም በኦጋዴን የተወሰደ ደም በበረዶ ተጠብቆ በቶሎ ላቦራቶሪ ካልደረሰ ይበላሻል። ቢደርስም መመርመሪያው ኬሚካል ካለቀ ናሙናው ይጠብቃል። ውጤቱ ከወጣ በኋላም ወደ ጎረቤት አገር ሐኪም የሚደርሰው ዘግይቶ ከሆነ ከብቱ ድንበር ተሻግሯል። ከዚህም ሌላ የቅኝቱ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በውጭ አገር ርዳታ ነው፤ የርዳታው ዘመን ሲያበቃ መኪናው ይቆማል፤ የሠለጠነውም ሰው ሌላ ሥራ ይፈልጋል። በሽታ ግን የርዳታ ዘመን አይቆጥርም።

በ1999 ዓ.ም. መጀመሪያ የታየው ነገር ይህን ክፍተት ያሳያል። የአሜሪካ ሳይንቲስቶች የባሕሩን ሙቀትና የምድሩን ልምላሜ ከሰማይ በሳተላይት አይተው በምሥራቅ አፍሪቃ የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሊነሣ እንደሚችል አስቀድመው አስጠነቀቁ። እንዳሉትም በታኅሣሥ ወር በሰሜን ምሥራቅ ኬንያ በጋሪሳ በሽታው ሰው ላይ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎች የአካባቢውን የሱማሌ አርብቶ አደሮች ሲጠይቁ፣ እረኞቹ ሁሉን በየተራው አስተውለው ነበር። ዝናቡ ከበረታ ከሦስት ሳምንት በኋላ ትንኙ ፈላ፤ ከዚያም ሁለት ሳምንት አልፎ ከብቱ መጨንገፍ ጀመረ። የመንግሥት የከብት ሐኪሞች የደረሱት ግን ከብቱ መታመም ከጀመረ ከሳምንታት በኋላ ነው። ሳይንቲስቱ ያውቅ ነበር፤ እረኛውም ያውቅ ነበር፤ ሁለቱን አገናኝቶ የሚያሠራ አካል ግን በጊዜው አልተገኘም።

እዚህ ላይ ነው የነጋዴው ድርሻ የሚመጣው። የከብት ነጋዴና ደላላው ከማንም ሐኪም ይልቅ ብዙ ገበያ ይረግጣሉ። በየትኛው ገበያ በጎች እንደ ጨነገፉ፣ በየትኛው በሬዎች ምራቅ እያዝረበረቡ እንደ ቆሙ አስቀድመው ያያሉ። ይህን ያየ ነጋዴ ከብቱን በርካሽ ገዝቶ ወደ ሌላ ገበያ ከመንዳት ይልቅ በአቅራቢያው ላለው የከብት ሐኪም ቢያስታውቅ፣ የራሱን የመጪ ዓመት ገበያ አዳነ ማለት ነው። ከብቱ ሳይታይ የሚጻፍ የጤና ወረቀት የሚፈልግ ነጋዴ ግን በገበያ ላይ ሐሰተኛ ብር እንደሚያወጣ ሰው ነው። ለጊዜው ይጠቀማል፤ በኋላ ግን እውነተኛው ብርም ተቀባይ ያጣል። በኮንትሮባንድ ድንበር የሚሻገረውም ከብት እንዲሁ ነው፤ ማንም ስላልመረመረው ስለ እርሱ የሚመሰክር የለም፤ ስሙን ግን ለሁሉም ያጠፋል።

የንግድ ምክር ቤቶችም ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር አለ። የአዲስ አበባ፣ የጅቡቲ፣ የበርበራና የናይሮቢ ነጋዴዎች የበግ ዋጋ ከቀን ወደ ቀን ይነጋገራሉ፤ የበጉን ጤና ወሬም በዚያው መንገድ ሊለዋወጡ ይችላሉ። ወደ ውጭ በሚላክ በእያንዳንዱ ከብት ላይ ጥቂት ሳንቲም የቅኝት መዋጮ ተደርጎ፣ ገንዘቡ ለሌላ ሥራ እንዳይውል በተለየ ሒሳብ ቢቀመጥ፣ የላቦራቶሪው በረዶና ኬሚካል የውጭ ርዳታ መጠበቁ ይቀር ነበር። ከብቱ የመጣበትን ወረዳ የሚያሳይ የጆሮ ምልክትና መዝገብ መያዝም ለነጋዴው ሸክም ሳይሆን መከላከያ ነው፤ በሽታ በአንድ ወረዳ ሲነሣ «የእኔ ከብት ከዚያ አልመጣም» ብሎ ማስረዳት የሚችለው መዝገብ የያዘ ብቻ ነውና።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን በሽታን ፈጥኖ ያስታወቀ ሰው ብቻውን እንዳይከስር ማድረግ ነው። መንጋው የታመመበት አርብቶ አደር ሐኪም ቢጠራ ከብቱ እንዲወገድ ይታዘዛል፤ ባይጠራ ግን የተረፈውን ሸጦ ያድናል። ሰውን በዚህ መካከል አቁሞ እውነቱን እንዲናገር መጠየቅ ከባድ ነው። ጀርመን አገር ከብቱ እንዲወገድ የታዘዘበት ገበሬ ካሳ ያገኛል፤ ስለዚህም ስልኩን አንሥቶ ይደውላል። በአፍሪቃ ቀንድም ታማኙ ከስሮ ዝምተኛው የሚያተርፍበት አሠራር እስካልተለወጠ ድረስ ምንም ያህል ላቦራቶሪ ቢሠራ ናሙና አይመጣለትም። ከመዋጮው የተወሰነው ክፍል ለዚህ ካሳ ቢመደብ ነጋዴው የሚገዛው እውነተኛ ወሬን ነው፤ ከዚያ የሚረክስ ዕቃም በገበያ ላይ አይገኝም።

ጎርፍ ተመልሶ መምጣቱ አይቀርም፤ ትንኙም ይፈለፈላል። ያን ጊዜ የጅዳ ገዢ የሚጠይቀው ጥያቄ አንድ ነው፤ «በሽታው የት አለ፣ የትስ የለም?» ለዚህ ጥያቄ በሳምንት ውስጥ የተመረመረ መልስ የሚሰጥ አካባቢ የዐረፋን ገበያ ያገኛል። «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው፣ መልሱ የሚዘጋጀው ጎርፉ ከመምጣቱ በፊት ነው።